ሦስት ሹፌር፣ አንድ ታክሲ

ጠቡ የተነሣው በትርፍ ምክንያት ነው።

ጌማችን ውስጥ ተጫዋቹ የታክሲ ረዳት ነው። ሰው ይጠራል፣ ያሳፍራል፣ ሒሳብ ይሰበስባል፣ መልስ ይሰጣል፣ «ወራጅ አለ!» ሲባል ያስቆማል። ያን ቀን የተጨቃጨቅንበት ነገር አንድ ነበር። ተጫዋቹ ትርፍ ይጫን ወይስ አይጫን? አንዱ ጓደኛዬ «ትርፍ የማይጭን ታክሲ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ሌላው «ልጆችን ሕግ መጣስ ልናስተምር ነው እንዴ?» አለ። እኔ ደግሞ ማንንም ላለማስቀየም «ሁለቱንም ሠርተን እንየዋ» አልኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ሁለቱም አሰልቺ ሆኑ።

አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን ከመካከላችን «ይሄ የኔ ሥራ ነው፣ እኔ እወስናለሁ» ማለት የሚችል አንድም ሰው አልነበረም።

«ጌም መሥራት እፈልጋለሁ፣ ግን ኮድ አልችልም» የሚሉኝ ልጆች ብዙ ናቸው። ኮድ የሚችሉት ደግሞ «ሁሉም ነገር አለን፣ ሠዓሊ ብቻ ነው የጎደለን» ይሉኛል። እኛም ልክ እንደዚያ ስንል ነበር። ስለዚህ የሆነውን ልንገራችሁ። ቢያንስ የኛን ስምንት ወር አትድገሙት።

የምንሠራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። ሳሎኑ ቢሯችን ነው። አንድ የምግብ ጠረጴዛ፣ ሦስት ላፕቶፕ፣ በረንዳው ላይ የተደረደሩ ጄሪካኖች። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ሁሉም ኮዱን ትቶ ይሮጣል። ሁላችንም ቀን ቀን ሌላ ሥራ ስላለን ጌሙ የማታና የቅዳሜ ነበር።

ሦስታችንም ፕሮግራመሮች ነን። ከአንድ ክፍል ነው የተመረቅነው። ይህ የመጀመሪያው ስህተት ነው፣ ግን ማንም እንደ ስህተት አያየውም። ጓደኛሞች ሆናችሁ ስትጀምሩ ቡድኑ እናንተን ይመስላል። የመረጥነው ኢንጂን፣ ማለትም ጌም የሚሠራበት ሶፍትዌር፣ ጎዶት ነበር። ነጻ ነው፣ የሚጠይቀው ድርሻም የለም። ሌላው ታዋቂ ኢንጂን ዩኒቲ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ጌም ከተወሰነ ልክ በላይ በተጫነ ቁጥር አስከፍላለሁ ብሎ ነበር። ከዓመት በኋላ ሰርዞታል፣ እኛ ግን አንዴ ደንግጠናል።

በአራት ወር ውስጥ መኪናው ነዳ። ጎማው ዞረ። በሩ ተንሸራቶ ተከፈተ። ዝናብ ዘነበ፣ የመስታወት መጥረጊያው ሠራ። ዝናቡን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ አምስት ሳምንት ወስዶብኛል፤ እንደ ልጄ ነበር የማየው። ቤት የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ስልኩን ተቀብሎ «ኧረ! እናንተ ናችሁ የሠራችሁት?» ይላል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። አንዷ የአክስቴ ልጅ ግን አላፈረችም። «እሺ፣ እና እኔ ምንድን ነው የማደርገው?» አለች።

መልስ አልነበረንም።

መልሱን ያመጣችው ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ጓደኛችን ናት፣ ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። እሁድ ቡና ልትጠጣ መጥታ የትርፉን ጭቅጭቅ ሰማች። ትንሽ ካዳመጠች በኋላ «ወረቀት የለም እዚህ ቤት?» አለች። አንድ ወረቀት ላይ 12 ሣጥን ሠራች። እነዚህ ወንበሮች ናቸው። ከዚያ ታች ሱቅ ወርዳ አንድ ፌስታል ቆርኪ ይዛ መጣች። የአምቦ ውሃ ቆርኪ ቃሊቲ ወራጅ፣ የኮካ ሳሪስ ወራጅ፣ የቢራ ደግሞ መጨረሻ ድረስ የሚሄድ። አንድ ዳይስ ከልጆች መጫወቻ ተገኘ። ስድስት ቁጥር ከወጣ ትራፊክ ያዘ።

ከዚያ ሒሳቧን ጀመረች። አንድ ትርፍ 10 ብር ያስገባል። ትራፊክ ከስድስት ጉዞ አንዴ ይይዛል። ቅጣቱ 30 ብር ከሆነ በስድስት ጉዞ 60 ገብቶ 30 ይወጣል፤ ሁልጊዜ መጫን ነው። ቅጣቱ 100 ከሆነ ማንም ሞኝ አይጭንም። 60 ካደረግነው እኩል በእኩል ነው፣ ሎተሪ ሆነ ማለት ነው። «ሦስቱም አይረቡም» አለች። «ሰውየው ምንም አላሰበም። ቁጥሩ አሰበለት እንጂ።»

እኛ ሦስት ሳምንት የጻፍነውን ኮድ እሷ በቆርኪ በግማሽ ሰዓት ጣለችው።

ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ታክሲ ውስጥ ትራፊክ እንዳለ በምን ይታወቃል?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም እናውቃለን። ከፊት የሚመጣው ታክሲ መብራት ብልጭ ያደርጋል። ረዳቱ «ዝቅ በሉልኝ» ይላል። ትርፎቹ ያጎነብሳሉ። «ታዲያ ያ የት አለ እዚህ ጌም ውስጥ?» በቃ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ሌላ ሆነ። መብራት ብልጭ ሲል ሁለት ሰከንድ አለህ። ተማሪ ቶሎ ዝቅ ይላል። ዘምቢል የያዙ እናት ግን ዝቅ ማለት አይችሉም። ሱፍ የለበሰው ሰውዬ ደግሞ ይጨቃጨቃል። ስለዚህ ጥያቄው «ትርፍ ልጫን?» መሆኑ ቀርቶ «ይህን ሰው ትርፍ ልጫን?» ሆነ። ያን ቀን እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ቆርኪ ስንገፋ አመሸን። ቡናው ቀዝቅዞ ተረሳ።

ዲዛይነር ማለት ይህ ነው። እኛ አገር ዲዛይነር ሲባል ሎጎ የሚሠራ ወይም ልብስ የሚቀድ ሰው ነው ትዝ የሚለን። ስለዚህ ሰዉ የጌም ዲዛይነር የሚስል ይመስለዋል። ሥራው ደንብ ማውጣት ነው። ተጫዋቹ ምን ያያል፣ ምን ይመርጣል፣ ከመረጠ ምን ይከተለዋል የሚለውን መወሰን። ከዚያ ቁጥሩን መቶ ጊዜ መነካካት። የእሷ ዋና መሣሪያ ዛሬም ኤክሴል ነው። ኮድ አታውቅም። ለዚህ ማስረጃ የሚፈልግ ካለ የኒንቴንዶውን ጌም ዲዛይነር ሺገሩ ሚያሞቶን ያስታውስ። የኢንዱስትሪ ዲዛይን ነው የተማረው፤ ፕሮግራመር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1981 ዶንኪ ኮንግ የተባለውን ታዋቂ ጌም የነደፈው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። እሷን ዲዛይነር ብለን ለመጥራት ሁለት ወር ፈጀብን። እኛ ሐሳብ ያለን ስለመሰለን ሁላችንም ዲዛይነር ነበርንና። ሐሳብማ ሁሉም ሰው አለው። የታክሲው ተሳፋሪ ሁሉ በየት ቢኬድ እንደሚሻል ሐሳብ አለው።

ሠዓሊያችን የመጣው ከማስታወቂያ ቤት ነው። ባነርና የሱቅ ታፔላ ይሠራ ነበር። ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ሥዕል ሶፍትዌር ማታ ማታ ቪዲዮ እያየ ብቻውን ተማረ። በትልቅ ድርጅት ቢሆን አንዱ መጀመሪያ ሐሳቡን ይስላል፣ አንዱ ቅርጹን በኮምፒውተር ይቀርጻል፣ አንዱ አጥንት ያስገባለታል፣ አንዱ ያንቀሳቅሰዋል። እኛ ጋ አራቱም እሱ ነው።

መጀመሪያ የሳለው መኪናውን ሳይሆን የረዳቱን እጅ ነው። ብሮቹ በቁመታቸው ታጥፈው በጣቶች መሐል የተሰኩበት እጅ። ባለ አሥሩ በአንዱ ጣት፣ ባለ ሃምሳው በሌላው። ሁለት ቀን ሙሉ በእሱ ላይ ዋለ። እኔ በሆዴ «ምን ያደርጋል ይሄ ሁሉ?» እያልኩ ነበር። በኋላ ያቺን እጅ ያየ ሰው ሁሉ ጌሙ ስለምን እንደሆነ ሳንነግረው ይስቃል። አሁን የጌሙ አይከን ናት። ዝናቤን ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው ያነሣልኝ የለም።

ከሠዓሊው ጋር የተጣላንበት ጉዳይ ሌላ ነው። በመንገዱ ዳር አሥር ሕንጻ ሠራ። እያንዳንዱ 2048 በ2048 ነጥብ የሆነ ቴክስቸር፣ ማለትም ቅርጹን የሚያለብሰው ሥዕል፣ ነበረው። ላፕቶፕ ላይ ያምራል። መሞከሪያችን ግን 2 ጊጋ ራም ያላት አሮጌ ስልክ ነበረች፤ እሷ ላይ ገና ሲከፈት ይዘጋል። ፕሮግራመሩ «ሥዕልህ ከባድ ነው» ይላል። ሠዓሊው «ኮድህ ነው ደካማ» ይላል። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ያልታመቀ ቴክስቸር ከሆነ 2048 ሲባዛ በ2048፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ አራት ባይት። አንዱ 16 ሜጋባይት ይወስዳል። አሥሩ 160። ወደ 512 ብናወርደው አንዱ 1 ሜጋባይት ብቻ ነው። ይህን ለሠዓሊው በቁጥር ሳሳየው ፊቱ ተለወጠ። «ታዲያ እስካሁን ለምን እንዲህ አልነገራችሁኝም?» አለ። ልክ ነበር። ማንም በእሱ ቋንቋ አልነገረውም።

መፍትሔው የራሱ ነው። መስኮቱን ከፍቶ ወደ ውጭ አየ። ኮንዶሚኒየም። ሁሉም ብሎክ አንድ ዓይነት። የሚለያየው ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር፣ የተሰጣው ልብስና የዲሹ ብዛት ብቻ ነው። «አንድ ብሎክ ሠርቼ ልብሱን ብቀያይረውስ?» አለ። አሥሩ ሕንጻ አንድ ሕንጻ ሆነ። ኮንዶሚኒየም ለጌም ሠሪ የተባረከ ነገር ነው፤ ለነዋሪው ሌላ ጉዳይ።

በኮድና በሥዕል መሐል ቆሞ ሁለቱን የሚያግባባው ሰው በትልልቆቹ ቡድኖች ራሱን የቻለ ሙያ አለው፤ ቴክኒካል አርቲስት ይሉታል። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ የምታውቁ ከሆነ፣ «እኔ ምንም በደንብ አልችልም» ብላችሁ አትዘኑ። ስማችሁ ይሄ ነው።

ድምፅ ላይ ብዙ አልቆይም። እንደ ሁሉም ሰው «መጨረሻ ላይ እናስገባዋለን» አልን፤ እንደ ሁሉም ሰው ተሳሳትን። ሙዚቃ ቀረጻ ላይ የሚሠራ አንድ ልጅ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ታክሲ ተራ ሄዶ፣ ተራ አስከባሪዎቹን አስፈቅዶ ጥሪውን ቀዳ። የበሩን ድምፅም ለብቻ ቀዳ። ያ የሚንሸራተት በር ሲዘጋ የሚያሰማውን «ጓ!» ታውቁታላችሁ። እሱን አስገብተን ጌሙን ለሞካሪዎች ስንሰጥ ሁለቱ «መኪናውን አፈጠናችሁት አይደል?» አሉን። ፍጥነቱን አልነካነውም።

ጽሑፍ ላይ ግን መቆየት አለብኝ። «የኛ ጌም ታሪክ የለውም፣ ጸሐፊ ምን ያደርግልናል?» ብለን ነበር። መጀመሪያ የገጠመን የፊደል ጣጣ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደል የሚያውቁበት ዓለም አቀፍ ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኢንጂኑ ይዞት የሚመጣው ፎንት ግን ፊደላችንን አልያዘም። ስክሪኑ ላይ ሣጥን ሣጥን ይደረደራል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ነጻ ፎንት አስገባንና ተገላገልን። እሱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ዋናው ችግር ሰዋስው ነበር። ኮዱ ውስጥ አንድ መስመር ጽፌያለሁ፦ «ሒሳብ ክፈል»። ለሁሉም ተሳፋሪ እሱን ነው የሚያወጣው። ታች የሚኖሩት ጎረቤታችን ስልኩን ተቀብለው ሲሞክሩ፣ ረዳቱ ነጠላ የለበሱ አሮጊት አጠገብ ደርሶ «ሒሳብ ክፈል» አለ። እትዬ ሳቁ። ቆይተው ግን ቆጣ አሉ። «እኚህን የሚያህሉ ሰው አንተ ይባላሉ? ያውም ሴት?» ልክ ናቸው። አንተ አለ፣ አንቺ አለ፣ እርስዎ አለ፣ እናንተ አለ። ጌሙ ተሳፋሪው ማን እንደሆነ ማወቅ ነበረበት። አማርኛ አስተማሪ የሆነ ጓደኛችንን ለመንነው። መቶ ሠላሳ ምናምን መስመር ነበረን። እያንዳንዱን አራት ቦታ ከፈለው። ተሳፋሪውም ይናገራል፦ ሽማግሌው «ልጄ፣ መልሴን» ይላሉ፣ ጎረምሳው «ወንድሜ፣ መልስ» ይላል፣ አንዷ ደግሞ ዝም ብላ እጇን ትዘረጋለች። የጽሑፍ ሰው ይህን ነው የሚያየው። እኛ አላየነውም ነበር።

ከዚያ ደግሞ እውነተኛው ረዳት መጣና ግማሹን ሰረዘው።

ልጁ እኛው ብሎክ ላይ ይኖራል። ማታ ሲገባ ደረጃው ላይ እንገናኛለን። «ወያላ አትበዪኝ፣ ረዳት በዪኝ» ብሎኛል፣ ስለዚህ ረዳት ነው የምለው። አንድ ምሽት ስልኩን ሰጠነው። እንደ ሞካሪ። እዚህ ላይ አንድ ደንብ አለን፣ እሱን ልስጣችሁ። ሰው ሲሞክር አትናገሩ። «እሱን ተጫነው»፣ «አይ፣ በዚህ በኩል» ማለት የለም። ጌሙን ያወረደ ሰው ቤት ሄዳችሁ አጠገቡ አትቀመጡም። እኔ በጣም ስለሚከብደኝ ትራስ ታቅፌ ነው የምቀመጠው። ዓይኑን እዩ፣ አውራ ጣቱን እዩ፣ የት ጋ እንደቆመ ጻፉ። በቃ።

ረዳቱ ሦስት ጉዞ ሠራ። ከዚያ «እኛ እንዲህ አንልም» አለ። «ምን ትላላችሁ?» አልነው። «ከኋላ ሒሳብ። ጋቢና ሒሳብ። መሐል ጋ ሒሳብ አልደረሰኝም። በቃ።» አስተማሪው ጓደኛችን ጭንቅላቱን ያዘ። ረዳት ግሥ አይጠቀምም! ክፈል፣ ክፈይ፣ ይክፈሉ ሁሉ ቀረ። ሁለት ሳምንት የተለፋበት ሰንጠረዥ ግማሹ በአንድ ምሽት ተጣለ። ጌሙ ግን እውነተኛ ታክሲ መሰለ።

ሌላዋ ሞካሪያችን የእትዬ ልጅ ናት፣ 11 ዓመቷ። ልጆች ጌም አይጫወቱም፣ ይሰብሩታል። በሩን መኪናው ሲሄድ ቶሎ ቶሎ ብትከፍትና ብትዘጋ ተሳፋሪዎቹ ሁለት ጊዜ እንደሚከፍሉ ያገኘችው እሷ ናት። ለረዳቱ ስነግረው «ይሄማ ባግ አይደለም፣ ጎበዝ ረዳት ነው» ብሎ ሳቀ። ልጅቷ ባግ (የጌም ስህተት) ስታገኝ በደብተሯ እንድትጽፍ አስለመድናት። መጀመሪያ ምን አደረግሽ፣ ምን ይሆናል ብለሽ ጠበቅሽ፣ ምን ሆነ፣ በየትኛው ስልክ። አራት መስመር። እኔ ከማውቃቸው ብዙ የተማሩ ሰዎች የተሻለ ሪፖርት ትጽፋለች። በትልልቅ ድርጅቶች ይህ ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ነው።

ሞካሪ ቀድማችሁ አሰባስቡ የምልበት ሌላም ምክንያት አለ። ጎግል ፕሌይ ላይ አካውንት ለመክፈት አንዴ 25 ዶላር ትከፍላላችሁ። ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተከፈተ የግል አካውንት ከሆነ ደግሞ ጌሙን ለሕዝብ ከመልቀቃችሁ በፊት 12 ሰው ለ14 ተከታታይ ቀን በዝግ ሙከራ ውስጥ መቆየት አለበት። እኛ ይህን ያወቅነው «ነገ እንለቀዋለን» ብለን ለዘመድ ሁሉ ከተናገርን በኋላ ነው።

እኔስ? እኔ ፕሮግራመር ነበርኩ አይደል። በስድስተኛው ወር ላይ መብራት ሄዶ የሠዓሊው ላፕቶፕ በዚያው ተበላሸ። ዲስኩም አልተረፈም። የሁለት ሳምንት ሥራ እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር። ልጁ አልተናደደም፣ ዝም አለ። ያ ይብስ ነበር። ያን ማታ «የዚህ ኃላፊነት የማን ነበር?» ብለን ስንጠያየቅ የማንም አልነበረም። በማግስቱ እኔ ኮድ መጻፌን ቀነስኩ። ሁሉም ሥራ በየምሽቱ ጊት ላይ፣ ማለትም የሥራውን እያንዳንዱን ለውጥ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ላይ፣ ይገባል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ዲስክ ላይ ይገለበጣል። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደዘገየ፣ ማን ማንን እየጠበቀ እንደሆነ የምጠይቀው እኔ ሆንኩ። ፕሮዲውሰር ይሉታል። በአማርኛ «ጨቅጫቃ» ማለት ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔዬ ዝናቡን ማውጣት ነበር። አሮጌዋ ስልክ ላይ አንድ ፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ የሚወጣ አንድ ሥዕል፣ በ33 ሚሊሰከንድ ማለቅ አለበት፤ ያለዚያ በሰከንድ 30 አይሞላም። ዝናቤ ብቻውን ሲሶውን ይበላ ነበር። በጨዋታው ደንብ ላይ ደግሞ ዝናቡ የሚለውጠው ነገር የለም። የራሴን አምስት ሳምንት በራሴ እጅ አጠፋሁ። ከዚያ በኋላ የሌላውን ሥራ ስቀንስ ማንም አላጉረመረመብኝም።

ማን ምን እንደሚወስን በወረቀት የመጻፉ ነገር የመጣው ከረዳቱ ነው። አንድ ቀን ስንጨቃጨቅ አገኘንና «እናንተ ሦስት ሹፌር ናችሁ» አለን። «እኛ ጋ ቀላል ነው። ሹፌሩ መሪ ይይዛል፣ እኔ ብር እይዛለሁ። እሱ ሒሳብ አይቆጥርም፣ እኔ ፍሬን አልነካም። ወራጅ ስለው ይቆማል። ግን የት ጋ ጥግ እንደሚይዝ የሚያውቀው እሱ ነው።»

ይህን የመጨረሻውን ነገር ደጋግሜ አሰብኩት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጠፍን። በአንድ በኩል ጉዳዩ፣ በሌላ በኩል የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሰው። ደንብና ቁጥር፦ ሒሳብ ሠራተኛዋ። መልክ፦ ሠዓሊው። ስልኩ ይችላል አይችልም፦ ሁለቱ ፕሮግራመሮች። ቃላት፦ አስተማሪው። ቀንና ዝርዝር፦ እኔ። ሐሳብ ማንም ይሰጣል። ሲያበቃ ግን ወረቀቱን እናያለን። ለምሳሌ ዲዛይነሯ ታክሲ ተራው ላይ 40 ሰው እንዲሰለፍ ፈለገች። ሰልፍ መኖሩን የምትወስነው እሷ ናት። ፕሮግራመሩ ስልኩ የሚችለው 15 እንደሆነ ነገራት፤ ሌላው ሰው ከኋላ በሥዕል ተሞላ። ጥጉን የያዘው እሱ ነው።

ሌላ ወረቀትም ጻፍን፣ ይሄኛው ተፈርሞበታል። ገንዘብ ቢመጣ ለማን ስንት። አንድ ሰው ቢወጣ የሠራው ሥራ የማን እንደሚሆን። ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት ነው የሚጻፈው። ጓደኛሞች ስለሆናችሁ አትፈሩት፤ ጓደኛሞች ስለሆናችሁ ነው። እኛን እስካሁን አላጣላንም፤ እርግጥ የመጣው ገንዘብም ለጠብ አይበቃም።

ብቻውን የሠራ ሰው የለም ወይ? አለ። ኤሪክ ባሮን ስታርዲው ቫሊ የተባለውን የእርሻ ጌም እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያወጣ ኮዱንም፣ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም የሠራው ብቻውን ነው። ከአራት ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም።

ኮድ ለማትችሉ፣ መጀመሪያ ለጠየቃችሁኝ፦ ገበጣ ታውቃላችሁ። አንድ ደንቡን ለውጡ። አንድ ብቻ። ከአምስት የተለያዩ ሰዎች ጋር ተጫወቱትና ምን እንደተለወጠ ሁለት ገጽ ጻፉ። የት ሰለቻቸው፣ የት ተጣሉ፣ ማን አጭበረበረ። ይህን ይዞ የሚመጣ ሰው እኔ ጋ ወንበር አለው። «ብዙ ሐሳብ አለኝ» ብሎ የሚመጣውን ግን ቡና አጠጥቼ እሸኘዋለሁ።

የቀረው የስም ዝርዝሩ ነው። ጌሙ ሲያልቅ ማን ምን እንደሠራ የሚጻፍበት ገጽ። ድሮ አታሪ የተባለው የጌም ድርጅት የሠሪዎቹን ስም አያወጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 አራት ፕሮግራመሮች ከዚያ ወጥተው አክቲቪዥን የተባለውን የራሳቸውን ድርጅት ሲያቋቁሙ አንዱ ቅሬታቸው ይሄ ነበር። ሌላው የአታሪ ፕሮግራመር ዋረን ሮቢኔት ደግሞ አድቬንቸር የሚባለው ጌም ውስጥ ድብቅ ክፍል ሠርቶ ስሙን እዚያ ደበቀው። እኛ የማንንም አልደበቅንም። የ11 ዓመቷ ልጅ ስም አለ። እትዬም አሉ።

ረዳቱን ስሙን አሳየሁት። ደስ አለው፣ ስልኩን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገው። ከዚያ «ሹፌሬስ?» አለ።

«ሹፌርህ ጌሙን አይቶት እንኳ አያውቅም እኮ።»

«ቢሆንስ? እሱ ከሌለ እኔ የማን ረዳት ነኝ? ከኔ በላይ ይግባ።»

ሳሎን ተሰብስበን ተነጋገርንበት። ማስገባቱን ሁሉም ተስማማ፤ ከስሙ ጎን ምን ይጻፍ የሚለው ነው ያከራከረን። ሠዓሊው «ልዩ ምስጋና» አለ። ዲዛይነሯ «አማካሪ» አለች። ከዚያ ሁሉም ግድግዳውን አዩና ወደ እኔ ዞሩ። ዝርዝሩ የኔ ነበር።

«ሹፌር» ብዬ ጻፍኩ።